ጂዲቢን በስክሪፕት ማሠራት፦ ብሬክፖይንቱ ራሱ አይቶ ይጻፍላችሁ

ዲበገር (የፕሮግራምን ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) ከሚጠቀሙ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም የሚፈልጉበትን ቦታ) ያስቀምጣሉ፣ ረን (አስኪድ) ይላሉ፣ ሲቆም አንድ ቫሪያብል አይተው ኮንቲኒው (ቀጥል) ይላሉ፣ እንደገና ሲቆም ያንኑ ቫሪያብል አይተው አሁንም ኮንቲኒው። ሃያኛው ላይ ጣት ይለምድና ማየቱ ቀርቶ ኮንቲኒው ብቻ ይሆናል። የተበላሸው ደግሞ ሃያ አንደኛው ነው።

ይህን ሁሉ ጂዲቢ ብቻውን መሥራት ይችላል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ዲበገር የራሱ ትንሽ የትእዛዝ ቋንቋ አለው። ቫሪያብል አለው፣ ኢፍ አለው፣ ዋይል አለው፣ አዲስ ትእዛዝም መፍጠር ይቻላል። ጥያቄያችሁን አንዴ ፋይል ላይ ትጽፉለታላችሁ፣ ከዚያ እሱ ሺ ጊዜም ቢሆን ሳይሰለች ይጠይቅላችኋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት በፊደላችን ነው። ተርሚናሉ ላይ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት አድርጓቸው። የፈንክሽንና የቫሪያብል ስሞችም እንዲሁ፣ ኮዳችሁ ላይ እንዳሉት።

ምሳሌው

በሲ የተጻፈች ትንሽ የእቁብ መዝገብ ፕሮግራም እንውሰድ። የእያንዳንዱ አባል ስትራክት ሦስት ነገር ይይዛል፦ 16 ባይት የሆነ የስም ቦታ፣ ኢንት የሆነ ክፍያ፣ እና ወደ ቀጣዩ አባል የሚያመለክት ፖይንተር። አባል የሚጨምረው ፈንክሽን በማሎክ (ሜሞሪ በሚሰጠው የሲ ፈንክሽን) ቦታ ይወስድና መስመር 22 ላይ ክፍያውን ይሞላል፣ 23 ላይ ስሙን በ«ስትሪንግ ኮፒ» ይገለብጣል፣ 24 ላይ ቀጣዩን ያያይዛል። ሁሉም 500 ብር ነው የከፈለው። ድምሩ ግን ከዜሮ በታች፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ክራሽ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

መጀመሪያ ኮምፓይል ስታደርጉ «ሰረዝ ጂ» ጨምሩ፣ ኦፕቲማይዜሽኑንም በ«ሰረዝ ትልቁ ኦ ዜሮ» አጥፉት። ይህን ካላደረጋችሁ ግማሹን ቫሪያብል ስትጠይቁት «ኦፕቲማይዝድ አውት» እያለ ይመልስላችኋል፣ ስክሪፕታችሁም ትርጉም የለውም።

ቆሞ፣ ጽፎ፣ የሚቀጥል ብሬክፖይንት

አሁን አንድ ፋይል ክፈቱና እንዲህ ጻፉ፦

ሴት ፔጂኔሽን ኦፍ
ብሬክ እቁብ.ሲ:24
ኮማንድስ
ሳይለንት
ፕሪንትኤፍ "%ኤስ | %ዲ\ኤን", አባል->ስም, አባል->ክፍያ
ኮንቲኒው
ኤንድ
ረን

የመጀመሪያው መስመር ቀላል ይመስላል፣ ግን አትዝለሉት። እሱ ከሌለ ጽሑፉ ስክሪኑን ሲሞላ ጂዲቢ «ለመቀጠል ኢንተር ተጫኑ» ብሎ ቁጭ ይላል፣ እናንተ ደግሞ ስክሪፕቱ እየሠራ መስሏችሁ ሻይ ልትጠጡ ሄዳችኋል።

«ኮማንድስ» ቁጥር ካልሰጣችሁት የሚይዘው መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ብሬክፖይንት ነው። ለሌላ ከሆነ ቁጥሩን አስከትሉ፣ ለምሳሌ «ኮማንድስ 3»። «ሳይለንት» የግድ የመጀመሪያው መስመር መሆን አለበት፤ በቆመ ቁጥር «ብሬክፖይንት 1 ላይ ነኝ፣ መስመሩ ይሄ ነው» የሚለውን ወሬ የሚያስቀረው እሱ ነው። መሃል ላይ ብታስገቡት አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን «ኮንቲኒው» ላይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ፕሮግራሙን እንደገና የሚያስኬድ ትእዛዝ ካለ፣ ከሱ በኋላ የጻፋችሁት ሁሉ ይቀራል። ስህተት ነው ብሎ እንኳን አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ይተወዋል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሲቀጥል የራሱ ትእዛዝ ያለው ሌላ ብሬክፖይንት ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ያኔ የማን ዝርዝር ይቀጥል? ስለዚህ «ኮንቲኒው»ን መጨረሻ ላይ ብቻ። «ስቴፕ»፣ «ኔክስት» እና «ፊኒሽ»ም እንደዚያው ናቸው። «ፊኒሽ ብሎ የተመለሰውን ዋጋ ያትምልኝ» የሚል ዝርዝር ጽፋችሁ ምንም ካልታተመ ችግሩ ይሄው ነው።

አሁን ፋይሉን በሁለት መንገድ ማስኬድ ትችላላችሁ። ጂዲቢ ውስጥ ካላችሁ «ሶርስ» ብላችሁ የፋይሉን ስም። ከውጭ ከሆነ ጂዲቢን ስትጠሩ «ሰረዝ ኪው»፣ «ሰረዝ ባች»፣ «ሰረዝ ኤክስ» እና የፋይሉ ስም፣ ከዚያ «ሁለት ሰረዝ አርግስ»፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙና የራሱ አርጉመንቶች። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ከ«አርግስ» በኋላ ያለው ሁሉ የፕሮግራሙ እንጂ የጂዲቢ አይደለም። ባች ሲሆን ፋይሉ ሲያልቅ ጂዲቢም ይወጣል፣ «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄም አይመጣም። ለአንድ ሁለት ትእዛዝ ፋይል መክፈት ካልፈለጋችሁ ደግሞ «ሰረዝ ኢኤክስ» አለ፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ በጥቅስ እዚያው ተርሚናል ላይ ትሰጡታላችሁ።

የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

አበበ | 500
ሰላም | 500
ወልደጊዮርጊስ | -1931367032
ገነት | 500

ወልደጊዮርጊስ ምን አጠፋ?

እዚህ ላይ እንቁም። አሁን እያንዳንዱን ሳይሆን የተበላሸውን ብቻ ነው የምንፈልገው። የ24ቱን ብሬክፖይንት ከነትእዛዝ ዝርዝሩ አውጡትና ሁኔታ ባለው በዚህ ተኩት፦

ብሬክ እቁብ.ሲ:24 ኢፍ አባል->ክፍያ < 0

ይህ ቀጥ ብሎ ጥፋቱ ላይ ያቆማችኋል። ሲቆም ክፍያው ያለበትን አራት ባይት እናያለን፣ ባይት በባይት፣ በኦክታል (ስምንትን መሠረት ባደረገ አቆጣጠር)፦

ኤክስ/4ኦቢ &አባል->ክፍያ

መልሱ፦ 0210 0255 0341 0214።

ይህች 341 ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር የሚሠራ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሊያውቃት የሚገባ ቁጥር ናት። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚቀመጡበት ስርዓት) መሠረታዊዎቹ የግዕዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይወስዳሉ፣ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 341 ነው። ገንዘብ መሆን ያለበት ቦታ ላይ 341 ካያችሁ ፊደል ገብቶበታል ማለት ነው። ቁጠሩት፦ «ወልደጊዮርጊስ» ስምንት ፊደል፣ ሦስት ሦስት ባይት፣ 24፤ የማብቂያዋ ዜሮ ስትጨመር 25። የስሙ ቦታ 16 ብቻ ነው። «ወልደጊዮ» 15 ባይት ሆኖ ገባ፣ የ«ር» የመጀመሪያ ባይት አስራ ስድስተኛዋን ያዘች፣ የቀሩት የ«ር» ሁለት ባይቶችና የ«ጊ» የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የክፍያው ቦታ ላይ አረፉ። -1931367032 እነሱ ናቸው። አበበ፣ ሰላምና ገነት ሦስት ፊደል ስለሆኑ ምንም አልነካቸውም፤ ፕሮግራሙን አጫጭር ስም እያስገባ የፈተነ ሰው ይህን መቼም አያየውም።

እዚህ ላይ ቫልግራይንድ ወይም አድሬስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት የሚያጋልጡ መሣሪያዎች) ለምን አልተጠቀምክም የሚል ይኖራል። በ64 ቢት ማሽን ላይ ስትራክቱ 32 ባይት ነው፣ የተጻፈው ደግሞ 25። ከተሰጠው ቦታ አልወጣም፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤቱ ነው የፈሰሰው። ሁለቱም መሣሪያዎች ዝም ይላሉ።

ማን እንደጻፈበት በዓይን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ዋችፖይንት (አንድ ዋጋ ሲቀየር ፕሮግራሙን የሚያቆም) አለ። መስመር 23 ላይ ለወልደጊዮርጊስ ሲደርስ አቁሙት (ከ24ቱ አንድ መስመር ቀድሞ፣ ክፍያው ከተሞላ ስሙ ከመገልበጡ በፊት)፣ ከዚያ «ዋች ሰረዝ ኤል አባል->ክፍያ» በሉና «ኮንቲኒው»። «ሰረዝ ኤል» ማለት ስሙን ሳይሆን አድራሻውን ጠብቅልኝ ማለት ነው። እሱ ከሌለ «አባል» የፈንክሽኑ ሎካል ቫሪያብል ስለሆነ ፈንክሽኑ ሲያልቅ ዋችፖይንቱም አብሮ ይጠፋል። ዋጋው ሲቀየር ሲ ላይብረሪው ውስጥ ቆማችሁ ታገኙታላችሁ፣ አትደንግጡ፣ «ቢቲ» (ማን ማንን እንደጠራ የሚዘረዝር ትእዛዝ) ብትሉ የጠራው መስመር 23 መሆኑን ያሳያችኋል።

ፊደሉ በቁጥር ቢመጣባችሁ

«ፕሪንት አባል->ስም» ስትሉ በስሙ ፋንታ በኋላ ጭረት የተከፋፈሉ 341፣ 210 የመሳሰሉ ቁጥሮች ከመጡ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሰርቨር ላይ ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ስትሠሩ ነው፤ ሎኬሉ (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ዩቲኤፍ-8 ስላልሆነ ጂዲቢ ፊደሉን ማተም አይደፍርም። ሎኬሉን አስተካክሉና ጂዲቢን እንደገና ክፈቱት። ወይም እኔ ከላይ እንዳደረግሁት «ፕሪንትኤፍ»ን በ«ፐርሰንት ኤስ» ተጠቀሙ፣ እሱ ባይቶቹን እንዳሉ ነው ወደ ተርሚናሉ የሚልከው።

የራሳችሁን ትእዛዝ መፍጠር

የተያያዘ ዝርዝርን በእጅ «ቀጣዩ፣ የቀጣዩ ቀጣይ» እያሉ መከተል አድካሚ ነው። አንዴ ትእዛዝ ሥሩለት፦

ዲፋይን አባላት
ሴት $አፒ = $አርግ0
ሴት $አቁ = 0
ዋይል $አፒ != 0 && $አቁ < 1000
ፕሪንትኤፍ "%ዲ. %ኤስ | %ዲ\ኤን", $አቁ, $አፒ->ስም, $አፒ->ክፍያ
ሴት $አፒ = $አፒ->ቀጣይ
ሴት $አቁ = $አቁ + 1
ኤንድ
ኤንድ

ከዚህ በኋላ የትም ቆማችሁ «አባላት ራስ» ስትሉ፣ «ራስ» የዝርዝሩ መጀመሪያ ከሆነ፣ ሁሉንም ይደረድርላችኋል። የወልደጊዮርጊስ መስመር ላይ ከስሙ ቀጥሎ እንግዳ ምልክት ብታዩ አይግረማችሁ። የስሙን ማብቂያ ዜሮ መስመር 24 በፖይንተር ደርቦባታል፣ ስለዚህ «ፕሪንትኤፍ» ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ የፖይንተሩንም ባይቶች እንደ ፊደል እያነበበ ይሄዳል።

ስለዚህ ትእዛዝ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የዶላር ምልክት ያላቸው ቫሪያብሎች የፕሮግራማችሁ አይደሉም፣ የጂዲቢ ናቸው፣ እና ሁሉም ግሎባል ናቸው። አንዱ ትእዛዛችሁ ሌላውን ከጠራና ሁለቱም «$ፒ» የሚል ከተጠቀሙ ይደባለቃሉ። ለዚህ ነው እኔ «$አፒ» ያልኩት፣ የትእዛዙን መነሻ ፊደል እንደ ቅጥያ። ቆጣሪዎችንም ከመጨመራችሁ በፊት ዜሮ አድርጓቸው፣ ምንም ያልተሰጠው ቫሪያብል ላይ አንድ ልደምር ብትሉ ስህተት ነው የሚሰጣችሁ።

ሁለተኛ፣ «$አርግ0» የጽሑፍ ምትክ እንጂ የተሰላ ዋጋ አይደለም። የጻፋችሁትን እንዳለ ይለጥፈዋል፣ አርጉመንቶችን የሚለየውም በባዶ ቦታ ነው። «ራስ + 1» ብትሉት ሦስት አርጉመንት ሰጣችሁት ማለት ነው። ባዶ ቦታውን አጥፉት።

ሦስተኛ፣ ያ 1000 ገደብ ለጌጥ አይደለም። ዝርዝሩ ተበላሽቶ ወደ ራሱ ከዞረ ዋይሉ አያልቅም፤ ዲበገር የከፈታችሁት ደግሞ የሆነ ነገር ስለተበላሸ ነው።

በ«ዶኪውመንት» ትእዛዝ ማብራሪያ ብትጽፉለት «ሄልፕ አባላት» ስትሉ ያሳያችኋል። ከወር በኋላ ለራሳችሁ ነው የምትጠቅሙት።

ክራሽ የሚያደርግ ሲሆን

አንድ ፈንክሽን ብዙ ጊዜ ይጠራል፣ የሆነ ዙር ላይ ፕሮግራሙ ይሞታል፣ እናንተ ደግሞ ልክ ከመሞቱ በፊት ያለውን ጥሪ ማየት ትፈልጋላችሁ። እኔ ከጂዲቢ ሁሉ በጣም የምወዳት ዘዴ ይቺ ናት። ፈንክሽኑ ላይ ብሬክፖይንት አድርጉ፣ ከዚያ «ኢግኖር 1 1000000» በሉት። ሚሊዮን ጊዜ እለፈው ማለት ነው፣ ግን እያለፈ ይቆጥራል። ፕሮግራሙ ሲሞት «ኢንፎ ብሬክፖይንትስ» ብላችሁ ስንት ጊዜ እንደተነካ አንብቡ። 37 ካለ «ኢግኖር 1 36» ብላችሁ እንደገና ረን። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ቆማችኋል፣ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ መስመር መሄድ ነው። የምትሠራው ግን ፕሮግራሙ በየጊዜው አንድ ዓይነት መንገድ የሚሄድ ከሆነ ነው። ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ያለው ላይ ቁጥሩ ይዋዥቃል።

ስክሪፕት ፋይል ውስጥ ከ«ረን» በታች የጻፋችኋቸው መስመሮች ፕሮግራሙ ሲቆም ወይም ሲሞት ይቀጥላሉ። ስለዚህ «ረን» ብላችሁ ከሥሩ «ቢቲ ፉል»፣ ብዙ ትሬድ ካለው ደግሞ «ትሬድ አፕላይ ኦል ቢቲ» ብትጽፉ የሌሊት ክራሽን ጠዋት መጥታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ልብ በሉ፣ ፋይሉ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ስህተት ከሰጠ ቀሪው ሁሉ ይቆማል። ፕሮግራሙ በሰላም ካለቀ «ቢቲ» «ስታክ የለም» ብሎ ስህተት ይሰጣል፣ ከሱ በታች ያለውም አይነበብም። የግድ መሠራት ያለበትን ከላይ አድርጉት።

ውጤቱን ፋይል ላይ ለማስቀረት «ሴት ሎጊንግ ፋይል» ብላችሁ ስም ስጡት፣ ከዚያ «ሴት ሎጊንግ ኤኔብልድ ኦን»። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ12ኛው ቨርዥን በፊት ያለ ከሆነ «ሴት ሎጊንግ ኦን» ብቻ ነው። ካልከለከላችሁት በአሮጌው ላይ ይጨምራል እንጂ አይደመስስም፣ እና ፕሮግራሙ ራሱ የሚያትመው እዚያ ውስጥ አይገባም፣ የጂዲቢው ብቻ ነው።

የት ይቀመጥ?

ሁልጊዜ የምትፈልጉትን፣ ለምሳሌ ፔጂኔሽን ማጥፋትን፣ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ «ነጥብ ጂዲቢኢኒት» የሚባል ፋይል ላይ ጻፉት፤ ጂዲቢ ሲነሳ ራሱ ያነበዋል። የፕሮጀክቱን ስክሪፕት ግን ከኮዱ ጋር አስቀምጡት። እዚያ ያለውን ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ጂዲቢ በራሱ አያነብም፣ «በሴፍ ፓዝ ምክንያት አልጫንኩም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል፤ ሴፍ ፓዝ ስክሪፕት እንዲጫንባቸው የተፈቀዱ ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ኢንተርኔት ላይ «መንገዱን በሙሉ ክፈቱት» የሚል ምክር ታገኛላችሁ፣ አትስሙት። የጂዲቢ ስክሪፕት የሼል ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል፣ ስለዚህ ከማታውቁት ሰው ያወረዳችሁት ፎልደር ውስጥ ጂዲቢን ስትከፍቱ ምን እንደሚሠራ አታውቁም። የራሳችሁን አንድ ፎልደር ብቻ በ«አድ-ኦቶ-ሎድ-ሴፍ-ፓዝ» ፍቀዱ።

በእጅ እየሠራችሁ ጥሩ ብሬክፖይንቶች ካዘጋጃችሁ ደግሞ «ሴቭ ብሬክፖይንትስ» ብላችሁ የፋይል ስም ስጡት። ሁኔታቸውንም ትእዛዞቻቸውንም ጨምሮ ያስቀምጠዋል፣ ነገ «ሶርስ» ትሉታላችሁ።

ሲዘገይ

ብሬክፖይንቱ በጣም ብዙ ጊዜ የሚነካ ከሆነ ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍ ታያላችሁ። ሁኔታው ባይሟላም እንኳን በየጊዜው ፕሮግራሙ ቆሞ፣ ጂዲቢ አይቶ፣ እንደገና ይለቀዋል። መጀመሪያ ብሬክፖይንቱን ብዙ ወደማይነካ ቦታ ለማራቅ ሞክሩ። ካልሆነ ኮዱ ውስጥ ለጊዜው ኢፍ ጨምራችሁ ውስጡ ላይ ብሬክ ማድረግ ይሻላል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ነገሩ ከዋይልና ከፕሪንትኤፍ አቅም በላይ ሲሆን ወደ ፓይተን ተሻገሩ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ7.0 ቨርዥን ማለት ነው፣ ጂዲቢ ውስጥ ፓይተን መጻፍ ይቻላል። በተለይ የሚጠቅመው ስህተትን በትራይ መያዝ መቻሉ ነው። የተበላሸ ፖይንተር ሲያጋጥመው ስክሪፕቱ ከሚሞት፣ «ይሄኛው አይነበብም» ብሎ አትሞ ያልፋል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ዋይል ውስጥ ኢፍ፣ ኢፍ ውስጥ ዋይል መጻፍ ከጀመርኩ ፓይተን።

ከማስተካከላችሁ በፊትና በኋላ

የስሙን ቦታ ሰፋ አድርጉት፣ መገልበጫውንም ልክ በሚያውቀው በ«ኤስኤንፕሪንትኤፍ» ተኩት። ቦታውን ሳታሰፉ መገልበጫውን ብቻ ብትቀይሩ ክፍያው ይተርፋል፣ ሰውየው ግን «ወልደጊዮ» ሆኖ ይመዘገባል። በ16 ባይት ላይ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ፣ ከማብቂያው ዜሮ የሚተርፈው 15 ለሦስት እኩል ስለሚካፈል ፊደል መሃል ላይ አይቆረጥም። 20 ብታደርጉት 19 ይተርፋል፣ የሰባተኛው ፊደል አንድ ባይት ብቻ ትገባለች፣ ስክሪን ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሳጥን ታያላችሁ።

ከዚያ ያንኑ የመጀመሪያ ስክሪፕት፣ ምንም ሳትነኩ (ኮድ ስትጨምሩ የመስመር ቁጥሩ ከ24 ካልተንሸራተተ በስተቀር)፣ እንደገና አስኪዱት። ወልደጊዮርጊስ አጠገብ 500 መምጣት አለበት። ስክሪፕቱን ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ አስገቡት፣ የሙከራ ስሞቹ ውስጥም «ኃይለሚካኤል»ንና «ተክለሃይማኖት»ን ጨምሩበት።